በበጋ ወደ ጓሮ የሚመጡ ወፎችን ማየት፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች ደረጃ በደረጃ

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም የካ አባዶ ግቢ ያላቸው ብዙ ሰዎች ወፍ ማየት የሚጀምሩት በአንድ መንገድ ነው። ስንዴ ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ በትነው ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ቁራና እርግብ ይመጣል፤ ማታ ማታ አይጥ ይከተላል፤ ከዚያ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

የጎደለው ትዕግሥት አይደለም። በዚህ ወቅት ከአውሮፓና ከእስያ ወደ እኛ ከሚመጡት ትንንሽ ወፎች አብዛኞቹ እህል አይበሉም። የሚፈልጉት ትንኝ፣ ትልና ሸረሪት ነው፤ አንዳንዶቹ የበሰለ የቁጥቋጦ ፍሬ ይጨምራሉ። በጋው እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ከሁሉም በላይ ውሃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከውሃና ካልተጠረገ ጥግ ነው። እህል ቢቀር ምንም አይጎድልም።

መቼ ይጀመር

አውሮፓ በክረምት ብርድ ስትያዝ እዚህ በጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በመስከረም ይገባሉ፤ ከመስቀል ሰሞን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቁጥራቸው ይጨምራል። ከኅዳር እስከ የካቲት የሰፈሩት ይቆያሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ውሃውንና ጥጉን መስከረም ሳያልቅ ብታዘጋጁ ጥሩ ነው። ጊዜው ታኅሣሥ ወይም ጥር ከደረሰም አልዘገያችሁም፤ ኩሬው ሁሉ የሚደርቀው ያኔ ስለሆነ የእናንተ ሳህን ይበልጥ ይፈለጋል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳታስቀምጡ ጓሮውን እዩ

ለጥቂት ማለዳዎች በረንዳ ላይ ቁሙና እነዚህን በወረቀት ላይ ሣሉ፦

1. ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች? የመጀመሪያው ብርሃን የሚያርፈው የትኛው ጥግ ላይ ነው?
2. ወፎች አሁን የሚያርፉት የት ነው? የብሎኬት አጥር ጫፍ፣ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የጽድ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል።
3. ድመት የምትሄድበት መንገድ የትኛው ነው? ብዙውን ጊዜ በአጥሩ ሥር አንድ መንገድ ብቻ ትይዛለች።
4. የቤቱ ሰው በማለዳ የሚመላለሰው በየት ነው? ውሻ የሚታሰረው፣ ዶሮ የሚለቀቀው የት ነው?

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሳህኑን በኋላ ደጋግሞ ያነሳል። ቦታው በተቀየረ ቁጥር ወፎቹ እንደ አዲስ ይጠራጠራሉ።

ደረጃ 2፦ ውሃውን አዘጋጁ

አብዛኛው ውጤት የሚገኘው እዚህ ነው፤ አብዛኛው ስህተትም የሚፈጸመው እዚህ ነው።

*ሳህኑ።* 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝርግ ዕቃ ፈልጉ። ትልቅ የአበባ ማሰሮ የሚቀመጥበት የሸክላ ሳህን ከሁሉ ይሻላል፤ ውስጡ ሻካራ ስለሆነ ወፏ አትንሸራተትም። ያላችሁ የፕላስቲክ ሳፋ ብቻ ከሆነ ታችኛውን ክፍል በጠጠር ሙሉት።

*ጥልቀቱ።* ጠርዙ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር፣ መሃሉ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። ትንሿ ወፍ እግሯ መሬት ሲነካ ብቻ ነው የምትገባው። ጥልቅ ባልዲ ውስጥ ገብታ መውጣት አቅቷት ልትሞት ትችላለች፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ያለ በርሜልና ባልዲ ሁሉ ይከደን። መከደን የማይቻለው ውስጥ ከአፉ የሚወጣ እንጨት አስገቡ።

*ድንጋዩ።* መሃል ላይ አናቱ ከውሃው በላይ የሚታይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ወፏ ከመጠጣቷ በፊት የምትቆመው እዚያ ላይ ነው።

*ቦታው።* ከቁጥቋጦ ወይም ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ 2 ወይም 3 ሜትር ይራቅ። ከዚህ ከቀረበ ድመት ተደብቃ ትደርስበታለች፤ በጣም ከራቀ ወፏ ሜዳውን አቋርጣ ለመምጣት ትፈራለች። ዙሪያውን የተቆረጠ የአጋም ወይም የግራር እሾህ ብትጥሉ ድመቷ ትሰለቻለች።

*ጠብታው።* የቆመ ውሃ ከላይ የምታልፍ ወፍን ዓይን አይስብም፤ የሚንጠባጠብ ግን ይታያል፣ ይሰማልም። እንዲህ ሥሩ፦

1. ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ እጠቡ።
2. ታችኛውን ክፍል በጋለ የስፌት መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ብሱ።
3. ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙና ከሳህኑ በላይ ከ50 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከጎኑ መሬት ላይ በተከላችሁት እንጨት ላይ ስቀሉት።
4. ፍጥነቱን በክዳኑ ተቆጣጠሩ፦ ስታላሉት ይፈጥናል፣ ስታጠብቁት ይዘገያል። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ያህል ይበቃል፤ 2 ሊትሩ በዚያ ፍጥነት 11 ሰዓት ገደማ ይቆያል።

መንጠባጠቡ ካቆመ ቀዳዳውን ለማስፋት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክዳኑን አላሉ፤ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ያም ካልሠራ ቀዳዳውን ቆሻሻ ደፍኖታልና በመርፌው ጥረጉት።

*ንጽሕናው።* ውሃውን በየቀኑ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን አንዴ ድፉና ቀይሩ። የወባ ትንኝም ሆነች ሌላዋ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅባት በየሁለት ቀኑ የሚደፋ ሳህን ትንኝ አያፈራም። በሳምንት አንዴ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በብሩሽ እሹት፤ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የልብስ ማጠቢያ እጣቢ ለወፍ አይሰጥም፤ ሳሙና የላባዋን ቅባት ያጠፋዋል፣ ያኔ ብርድ ይገባታል።

ዶሮ የምታረቡ ከሆነ የወፉ ሳህን ዶሮዎቹ በማይደርሱበት ቦታ ይሁን፤ መጠጫቸው አንድ ከሆነ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የወፉን ሳህን ያጠባችሁበትን ብሩሽም ለዶሮ ዕቃ አትጠቀሙ።

ሱሉልታና መሰል ረባዳ ሜዳ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ኅዳርና ታኅሣሥ ውሃውን ማታ ደፍታችሁ ንጋት ላይ አዲስ ቅዱ። የፈላ ውሃ አትጨምሩ፤ ሸክላው ይሰነጠቃል።

ደረጃ 3፦ አንድ ጥግ አትጥረጉ

የተጠረገ ግቢ ያምራል፤ ትል የለውምና ወፍ አያቆምም። ሁሉንም ልቀቁ አልልም። በአጥሩ በኩል 2 ሜትር በ3 ሜትር የሚሆን ቦታ ለዩ።

- የረገፈው ቅጠል እዚያው ይቆይ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካለ ከምሩበት።
- ከፊሉን ሣር አጭዳችሁ ከፊሉን ተዉ። መሬት ላይ የሚሄዱት ወፎች አጭሩን ይወዳሉ፤ ትላቸው የሚኖረው ደግሞ ረጅሙ ውስጥ ነው።
- የፀረ ተባይ ርጭት አቁሙ። ጎመኑ ላይ የረጫችሁት መድኃኒት የወፏን ምግብ ይገድላል፣ የተመረዘውን ትል የበላችውንም ይጎዳል።
- የአይጥ መርዝ አታስቀምጡ። የተመረዘችውን አይጥ ጉጉትና ጭልፊት ይበሏታል፤ በወጥመድ ያዟት።

መትከል ከፈለጋችሁ ኮሽም፣ አጋም፣ ወይራና ጽድ ፍሬ ይሰጣሉ። ሬት ሲያብብ አበባ የሚቀስሙትን ወፎች ይጠራል። ለዘንድሮ አይደርሱም፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት ግን አሁኑኑ ቦታ ያዙላቸው።

ደረጃ 4፦ እህል፣ ከፈለጋችሁ ብቻ

እህል የሚያመጣው እዚሁ የሚኖሩትን ጥሬ ለቃሚዎች ነው። እነሱም መታየት ይገባቸዋል፤ ሲረጋጉ ደግሞ እንግዶቹ ቦታው ደኅና መሆኑን ከእነሱ ያያሉ። ኑግ ከሁሉ ይሻላል። በሌላው ዓለም የወፍ መኖ ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ይኸው ኑግ ነው፤ ከእኛም አገር ለዚሁ ተብሎ ይላካል። የተከካ ገብስ ወይም ስንዴም ይሆናል።

ጠዋት አንድ እፍኝ ብቻ በዝርግ ጣውላ ላይ አድርጉ፤ ከምሽት በፊት የተረፈውን አንሱ። ጨው ያለበት ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ እንጀራና ወጥ የነካው ነገር አይቀመጥ። የሻገተ እህል ከሆነ ጭራሽ አይሰጥ። አንድ የአይጥ ኮቴ እንኳ ካያችሁ እህሉን ለሁለት ሳምንት አቋርጡ፤ ውሃው ይቀጥል።

ደረጃ 5፦ መቀመጫችሁን ምረጡ

ወፏ ጥቁር ጥላ ሆና የምትታያችሁ ፀሐይ ከኋላዋ ስለሆነች ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ የጠዋት መቀመጫችሁ ጀርባችሁን ለደቡብ ምሥራቅ፣ ፊታችሁን ለሰሜን ምዕራብ የሚሰጥ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ለመቀመጥ ካሰባችሁ ሌላ ቦታ አዘጋጁ፤ አንዱ መቀመጫ ለሁለቱም አይሆንም።

ከሳህኑ ከ5 እስከ 8 ሜትር ራቁ። በረንዳ ላይ ከሆነ ጀርባችሁ ግድግዳ ይኑረው፤ ከሰማይ በታች ብቻውን የተቀመጠ ሰው ቅርጹ ይጎላል። ነጭ ጋቢ ደርባችሁ አትቀመጡ፤ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ወፎች ከሩቅ ያዩታል። ብርዱ ካስቸገረ የደበዘዘ ካፖርት ወይም ቡናማ ብርድ ልብስ ልበሱ። በመስኮት ማየት የሚመርጥ ሰው መብራቱን አጥፍቶ መጋረጃውን ጠባብ አድርጎ ይክፈት።

የምታዩበት መስኮት ትልቅ ከሆነ ሳህኑ ወይ ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ወይ ከ10 ሜትር በላይ ይሁን። በመካከሉ ያለው ርቀት ወፏ ደንግጣ ስትበር መስታወቱን በኃይል እንድትመታ ያደርጋታል።

ደረጃ 6፦ ባይኖክላሩን አስተካክሉ

ባይኖክላር፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርበው የሁለት ዓይን መነጽር፣ ባይኖራችሁም ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን ሥሩ፤ ከ5 ሜትር ላይ በባዶ ዓይን ብዙ ይታያል። የምትገዙ ከሆነ 8×42 ወይም 8×32 የተጻፈበትን ፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራል። ከ10 በላይ የሚያቀርብ ለጓሮ አይሆንም፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ያጎላል፣ ቅርብ ያለውን ወፍም ብዙዎቹ አያጠሩም።

አሮጌ ከሆነ ሳትገዙ በፊት ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡ ጭጋግ ወይም የሻጋታ ክር መኖሩን እዩ። ከዚያ የሩቅ ምሰሶ ተመልከቱ፤ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ዓይናችሁን ከጎተተው ተዉት፣ ራስ ምታት ብቻ ነው የምትገዙት። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ የጉምሩኩን ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ብዙ ሰው "አይታየኝም" የሚለው ያልተስተካከለ ባይኖክላር ይዞ ነው። በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ፦

1. የዓይን መነጽር ካላደረጋችሁ የዓይን ቀለበቶቹን ወደ ውጭ አውጡ፤ ካደረጋችሁ ወደ ውስጥ መልሱ።
2. መሃል ላይ ያለውን ማጠፊያ እየዘረጋችሁና እያጠበባችሁ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ አስተካክሉ።
3. 15 ሜትር ያህል የሚርቅ የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ። የመብራት ምሰሶ ላይ ሽቦ የሚታሰርበት ሲኒ ጥሩ ነው።
4. የቀኙን የፊት መስታወት በእጃችሁ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ መሃከለኛውን ተሽከርካሪ አዙሩ፤ ጥርት ሲል አቁሙ።
5. አሁን የግራውን ሸፍኑ። መሃከለኛውን ሳትነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ፤ ሲጠራ ተዉት። ቀለበቱ በግራ በኩል ከሆነ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።
6. ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት። ከዚህ በኋላ የምትነኩት መሃከለኛውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ተለማመዱ። ወፏን በባዶ ዓይን ስታገኟት ዓይናችሁን ከእሷ ላይ አትንቀሉ፤ ባይኖክላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ወደ ታች አጎንብሳችሁ ዕቃውን ካያችሁ ትጠፋባችኋለች። በባይኖክላር ቅጠል ለቅጠል መፈለግም አይሠራም። ወፍ ሳይኖር በአጥሩ ላይ ባለ ምስማር ተለማመዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ በባይኖክላር ፀሐይን ለቅጽበት እንኳ አትዩ፤ ዓይን ያጠፋል። ወደ ጎረቤት መስኮት አታዙሩት። ግቢያችሁ ካምፕ ወይም የጥበቃ ቦታ አጠገብ ከሆነ በዚያ አቅጣጫ ጭራሽ አትመልከቱ። ጎረቤትን ቀድሞ "ወፍ እያየሁ ነው፣ ኑና እዩ" ማለት ከብዙ ጥርጣሬ ያድናል። ወንጭፍ ይዘው የሚዞሩ የሰፈር ልጆች ካሉም ከመቆጣት ይልቅ አንድ ጠዋት ባይኖክላሩን ስጧቸው፤ ወፏን በቅርብ ያየ ልጅ የት እንዳለች ለእናንተ ሊነግራችሁ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን ጠብቁ

ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30 ያለው ከሁሉ የተሻለ ነው። በብርዱ ማለዳ ትንኝ የሚንቀሳቀሰው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ከ1፡30 በፊት ጸጥ ቢል አትነሱ። ቀትር ላይ የሚታየው ጥቂት ነው፤ ውሃው ላይ ግን በሙቀቱ ሰዓትም የሚመጡ አሉ። ከ9፡30 እስከ 12፡00 ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ነው።

ከተቀመጣችሁ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ምንም ባታዩ የተለመደ ነው፤ ስትወጡ የበረሩት የሚመለሱበት ጊዜ ነው። ከቅጠል ላይ ትል የሚለቅሙት ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን አይመጡም። ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላቸው አረንጓዴ ቢጫ ወፎች በቡድን ሲንጫጩ ከሰማችሁ ተዘጋጁ፤ እንግዶቹ ከነሱ ጋር ተቀላቅለው ያልፋሉ። ባሕር ዛፍ ያበበ ዕለት አበባው ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ።

ደረጃ 8፦ ለይታችሁ እወቁ

ጀማሪ መጀመሪያ የሚያየው ቀለምን ነው፤ በዚያው ይሳሳታል። ቀለም በብርሃን ይለወጣል፣ በዕድሜና በወቅትም ይለወጣል። ይህን ቅደም ተከተል ያዙ፦

1. መጠን። ከድንቢጥ፣ ከእርግብ ወይም ከቁራ ጋር አነጻጽሩ።
2. መንቆር። ቀጭን እንደ መርፌ ከሆነ ትል ለቃሚ ናት፤ ወፍራምና አጭር ከሆነ ጥሬ ለቃሚ።
3. አኳኋን። ትሄዳለች ወይስ ትዘላለች? ጅራቷን ትነቀንቃለች? ቀጥ ብላ ትቆማለች?
4. ቦታ። መሬት፣ ቅጠል ውስጥ፣ ሽቦ ላይ፣ አየር ላይ።
5. ምልክት። የቅንድብ መስመር፣ ከጅራት በላይ ያለው ጀርባ፣ የጅራት ጠርዝ፣ የእግር ቀለም።
6. አጠቃላይ ቀለም። መጨረሻ ላይ።

አብዛኛው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከመግለጫው ጋር መጽሐፉ ላይ የምታገኙትን ስም አያይዣለሁ።

የሎው ዋግቴይል። ከመስቀል ሰሞን ጀምሮ በሣር ላይ፣ በተለይ በከብት እግር ሥር በቡድን የምትሄደዋ ናት። አትዘልም፣ ትራመዳለች፤ ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች ትመታለች። ሆዷ ቢጫ ነው። የወንዶቹ ራስ ግራጫ ወይም ጥቁር ሊሆን ስለሚችል "ሁለት ዓይነት አየሁ" ለማለት አትቸኩሉ። ጥቅምት ላይ የደበዘዘችው መጋቢት ላይ ደማቅ ትሆናለች። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሣር ታጭዶ ድርቆሽ በሚከመርበት ሰሞን በብዛት ትታያለች።

ግሬይ ዋግቴይል። እሷም ቢጫ አላት፤ ጀርባዋ ግን ግራጫ፣ ጅራቷም በጣም ረጅም ነው። ቡድን አታበጅም። ወንዝ ወይም የሚፈስ ቦይ አጠገብ ቤት ካላችሁ ጠብቋት።

ቺፍቻፍ እና ዊሎ ዋርብለር። ከድንቢጥ ያነሱ፣ አረንጓዴ የቀላቀሉ ቡናማ፣ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲዘሉ እረፍት የማያውቁ ናቸው። የሚለዩት በጥቃቅን ነገር ነው፦ ቺፍቻፍ እግሯ ጥቁር ነው፣ እየለቀመችም ጅራቷን ወደ ታች ትነቀንቃለች። ዊሎ ዋርብለር አብዛኛውን ጊዜ እግሯ ፈዘዝ ያለ፣ ቅንድቧም የጎላ ነው። እግሯን ካላያችሁ "ከሁለቱ አንዷ" ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ትክክለኛ መዝገብ ነው።

ብላክካፕ። ግራጫ አካል፤ ወንዱ እስከ ዓይኑ የደረሰ ጥቁር ቆብ፣ ሴቷ የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ ቆብ አላቸው። ኮሽምና ጽድ ፍሬ ሲይዙ እዚያ ፈልጓቸው።

ዊትኢር። ዳርቻው ላይ ቤት የሚሠራበት ባዶ ቦታ ብዙ ስለሆነ ይህችን ከግቢ ሳትወጡ ልታዩ ትችላላችሁ። የአሸዋ ወይም የድንጋይ ክምር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ትሮጣለች፣ ቆማ ትሰግዳለች። ስትበር ከጅራቷ በላይ ያለው ነጭ ይታያል፤ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር ነው። በደጋው ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው ደብዛዛ ቡናማዋ ሙርላንድ ቻት ትመስላታለች፤ የእሷ ነጭ ግን ከጅራቷ ግራና ቀኝ ነው፣ ከጅራቷ በላይ ያለው ጀርባ ቡናማ ነው።

ባርን ስዋሎው። ሽቦ ላይ ተደርድረው፣ ወይ ሣሩን ታክከው ሲበሩ ታያላችሁ። ግንባርና ጉሮሮ ቀይ ቡናማ፣ ከጉሮሮው ሥር ጥቁር ሰማያዊ ቀበቶ፣ ጅራት እንደ መቀስ የተሰነጠቀ።

ጭልፊትና ንስር። ሰማዩንም አትርሱ። ያደገው የእኛው ጭልፊት መንቆሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው ግን መንቆሩ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ብቻ ቢጫ ነው። ጥንቃቄ፦ የእኛው ጭልፊትም ገና ሳይጎለምስ መንቆሩ ጥቁር ስለሆነ ይህ ምልክት ለአዋቂዎቹ ብቻ ይሠራል። ጭልፊት ሹካ የመሰለ ጅራቱን እየጠመዘዘ ይበራል። ጅራቱ ያልተሰነጠቀ፣ ከእሱ በጣም የሚበልጥ፣ ከክንፉ ሥር ረጅም ነጭ መስመር ያለበት ቡናማ አሞራ ካያችሁ ገና ያልጎለመሰ ስቴፕ ኢግል ነው።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። በክረምቱ ቢጫና ጥቁር ሆነው ሣር ላይ የሚያበሩት ወንድ የሎው ቢሾፕ ወፎች በበጋ ያንን ልብስ አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናሉ። ረጅም ጅራት ያለው ፒን ቴልድ ዋይዳም ጅራቱን ይጥላል። "ከውጭ የመጣች አዲስ ቡናማ ወፍ" የተባለችው ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዷ ናት። መንቆሯን እዩ፤ ወፍራም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአገር ልጅ ናት።

ደረጃ 9፦ ወዲያው ጻፉ

ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ብዛትና ያያችሁትን ምልክት በደብተር አስፍሩ። መጽሐፍ ከመክፈታችሁ በፊት ጻፉ፤ ሥዕሉን ካያችሁ በኋላ ያላያችሁትን ያየን ይመስላችኋል። መዝገባችሁን ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ከፈለጋችሁ ኢበርድ በተባለው ነፃ መተግበሪያ ማስገባት ይቻላል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በዚህ ላይ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ውሃውን የነካ ወፍ የለም። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያም ካልመጡ ጠብታውን ጨምሩ፤ ከሳህኑ አጠገብ ወፏ የምታርፍበት ደረቅ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ትከሉ። የመጨረሻው ሳህኑን ማንሳት ነው፤ ያኔም በአንድ ጊዜ ከ1 ሜትር በላይ አታንቀሳቅሱት።

ቁራ ተቆጣጠረው። ቁራ አጥንትና ደረቅ ዳቦ አምጥቶ ይነክርበታል። የግቢውን ቆሻሻ ክደኑ። ሳህኑን በትንሽ ቀይራችሁ ትልቅ ወፍ ክንፉን መዘርጋት በማይችልበት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሥር አድርጉት፤ እዚያ ድመት ስለምትቀርብ ዙሪያውን እሾህ መጣል አትርሱ።

ንብ ሞላበት። በጥርና በየካቲት የተለመደ ነው፤ ንብም ውሃ ቸግሯታል። አትርጩባት፣ አታባርሯትም። ከ10 ሜትር ባላነሰ ርቀት ፀሐይ ላይ ጠጠር የሞላ ሌላ ሳህን አድርጉላት፤ የወፉን ወደ ጥላ አስገቡ። ወደ አዲሱ እስክትዞር ልጆችን አርቁ።

አዳኝ ወፍ አንዷን ነጠቀ። አታባርሩት። እህል የምትሰጡ ከሆነ ለጥቂት ቀናት አቁሙ፤ ተሰብስበው የሚለቅሙ ወፎች ናቸው የሚጠሩት።

ወፍ መስታወት መትታ ወደቀች። በጨርቅ ያዟት፤ አየር ማስገቢያ በተበሳ ካርቶን ውስጥ ከድናችሁ ጸጥ ባለ ቦታ አኑሯት። ውሃም ምግብም በአፏ አትጨምሩ። ከ1 ወይም 2 ሰዓት በኋላ ካርቶኑን ደጅ አውጥታችሁ ክፈቱት። በዚያው ቀን መስታወቱን በውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ አድርጉበት፤ ነጭ ቀለም ወይም ሳሙና ይበቃል።

የሞተ ወፍ አገኛችሁ። በባዶ እጅ አትንኩ። አንድ ከሆነ በፌስታል ይዛችሁ ቅበሩት። በተከታታይ ቀናት ብዙ ከሞቱ ሳህኑን አንሱ፣ ዶሮዎችን ዝጉ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

እግሯ ላይ ቀለበት ያለባት ወፍ መጣች። በሌላ አገር ተመራማሪዎች ያሰሩባት ሊሆን ይችላል። ለማንበብ ብላችሁ አትያዟት። በስልክ ደጋግማችሁ ፎቶ አንሱና ፊደሉንና ቁጥሩን አጉልታችሁ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጻፉ፤ ያልታየውን ፊደል ባዶ ተዉት። የቀለበቱን ቀለም፣ በየትኛው እግር እንደሆነ፣ ቀኑንና ሰፈሩን ጨምሩና ቀለበቱ ላይ ለተጻፈው ተቋም ላኩ።